አኳሪየምም እንደ ምጣድ ይሟሻል
(በአዲስ አበባ ቤት ለሚቀመጥ አነስተኛ አኳሪየም የመጀመሪያውን ዓሣ ስለ መምረጥ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



«ዓሣ» ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ጉላሹና ጥብሱ ነው። አበው «ዓሣ መብላት በብልኃት» ብለው ስለ እሾሁ አስጠንቅቀውናል፤ ዓሣን ሳሎን ውስጥ ስለ ማኖር ግን ያቆዩልን ምክር የለም። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁን የተማርኩት ከተረትና ምሳሌ ሳይሆን ከኪሳራ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ለልጄ ሦስት ወርቅማ ዓሦች ገዛሁላት። ሻጩ ውኃ በሞላው ፌስታል ከተታቸውና አፉን በላስቲክ ጥፍር አድርጎ አሰረልን። ታክሲ ውስጥ ልጄ ፌስታሉን በሁለት እጇ እንደ ጽዋ ይዛ ስትቀመጥ ረዳቱ ሳይቀር ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ ጎንበስ ብሎ አየላት። ቤት ደርሰን አንድ ክብ የመስታወት ጎድጓዳ በቧንቧ ውኃ ሞላንና ገለበጥናቸው። እስከ ሦስተኛው ቀን ደስታ ነበር። በአራተኛው ቀን ውኃው እንደ አጥሚት ደፈረሰ፤ አንደኛው ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ልጄ የራበው መስሏት የዳቦ ፍርፋሪ ጨመረችለት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሦስቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ተንሳፍፈው አገኘናቸው። ሻጩ ጋ ሄጄ ስነግረው «ብርድ መቷቸው ይሆናል» አለኝና ሌላ ሦስት ሊሸጥልኝ ጎንበስ አለ።

ብርድ አልነበረም። የሞቱት በገዛ ቆሻሻቸው ተመርዘው ነው፤ መርዙ እንዲከማች ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ የበላው ምግብ በሰውነቱ ውስጥ ሲፈጭ አሞኒያ የሚባል ቆሻሻ ይወጣዋል። ሽንት ቤት ገብታችሁ ዓይናችሁን የሚያቃጥላችሁ ሽታ ማለት ነው። አብዛኛው የሚወጣው በስንጥቡ በኩል፣ እየተነፈሰ ሳለ ነው። ወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ በዚህ አይጨነቅም፤ ውኃው ያጥብለታል። ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ግን የተነፈሰውን መልሶ ይተነፍሳል። በተፈጥሮ ይህን የሚያጸዱ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኞቹ፣ ለምሳሌ ናይትሮሶሞናስ የሚባሉት፣ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኞቹ፣ ናይትሮስፓይራና ዘመዶቹ፣ ናይትራይቱን ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬትን ዓሣው ይችለዋል፤ የውኃ ተክል ይመገበዋል፤ የቀረውን እናንተ በየሳምንቱ ትንሽ ውኃ ስትቀይሩ ታወጡታላችሁ። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ውኃው ውስጥ እየዋኙ ሳይሆን በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተለጥፈው ነው። አዲስ አኳሪየም ላይ ደግሞ የሉም። ተራብተው ለሥራ እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንጀራ የጋገራችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ከገበያ የመጣ ምጣድ ዕለቱን ሊጥ አይፈስስበትም። ይጋላል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይጠረጋል፣ ደግሞ ይጋላል። ይሟሻል። ሳይሟሽ የተጋገረበት እንደሆነ እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል፤ ጥፋቱም የሊጡ አይደለም። አኳሪየምም ይሟሻል። ውኃውን ሞልታችሁ፣ ማጣሪያውን አስነስታችሁ፣ ዓሣ ሳታስገቡ በየቀኑ በሁለት ጣት ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ ትጥሉበታላችሁ። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያው ባክቴሪያውን ያራባል። መሐል ላይ ውኃው ሊደፈርስ ይችላል፤ ተዉት፣ ይጠራል። የውኃ መመርመሪያ ጠብታ ካገኛችሁ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆኖ ናይትሬት ብቻ ሲታይ ሟሽቷል ማለት ነው። ማሳጠር ከፈለጋችሁ እርሾ ተዋሱ፦ ከርሞ የቆየ ጤነኛ አኳሪየም ካለው ወዳጅ የማጣሪያውን ስፖንጅ ግማሽ ቆርጦ እንዲሰጣችሁ ለምኑትና ሳይደርቅ፣ በዚያው በራሱ ውኃ ነክራችሁ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ይህ አንድ ወር ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። እንግዳ ይመጣል፣ ባዶውን ውኃ ያያል፣ «ዓሣው የታለ?» ይላል። እየተሟሸ ነው በሉት።

ውኃ ካልኩ ዘንድ ስለ ከተማችን ውኃ ጥቂት ልበል፤ ከውጭ የሚመጡት መጻሕፍት ይህን አይነግሯችሁም። ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ክሎሪን አለበት። እኛን ከበሽታ ይጠብቀናል፤ የዓሣን ስንጥብ ግን ያቃጥላል፤ ያን ወር ሙሉ ያራባችሁትን ባክቴሪያም ይጨርሳል። የበረኪና ሽታ ከሸተታችሁ በቀጥታ አታፍስሱ። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድታችሁ ክፍቱን ቢያንስ ለአንድ ቀን አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይተንናል። ሮቶ ውስጥ ወይም በተከደነ ጀሪካን የቆየ ውኃ ግን፣ ስለ ቆየ ብቻ ክሎሪኑ ለቆታል ብላችሁ አትመኑ፤ መውጫ አላገኘም። ከዓሣ ዕቃ መሸጫ የሚገዛ የክሎሪን ማርከሻ ጠብታም አለ፤ ካገኛችሁ ግዙ።

ሌላው ደግሞ የውኃችን ምንጭ አንድ አለመሆኑ ነው። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ለስለስ ይላል፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድኑ በዛ ይላል። የትኛው ሰፈራችሁ እንደሚደርስ ማንቆርቆሪያችሁን ገልጣችሁ እዩ፦ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውኃችሁ ማዕድናም ነው። ኋላ ከማነሣቸው ዓሦች ለጋፒ እሰየው፤ ለኒዮን ቴትራ አይሆንም።

አሁን ወደ አየሩ። ሻይ እኛ ዘንድ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ታውቁ ይሆናል፤ ከፍታው ነው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን አልፋ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ውኃ ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅንም ይቀንሰዋል። በባሕር ዳርቻ ከተማ 25 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውኃ ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። እዚህ ያው ውኃ፣ ያው ሙቀት፣ የሚይዘው 6 ሚሊግራም ጥቂት ቢያልፍ ነው። ሩብ ያህሉ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚል ሠንጠረዥ ስታዩ፣ ጸሐፊው ባሕር አጠገብ ተቀምጦ የጻፈው መሆኑን አስባችሁ ቁጥሩን በሩብ ቀንሱት። የአየር ፓምፕም ለጌጥ አይደለም። የሚያወጣው አረፋ የውኃውን ገጽ እያናወጠ አየር ያስገባል።

ቀጥሎ ብርዱ። ሻጮች «ትሮፒካል ዓሣ» ይላሉ። እኛም በካርታው ትሮፒካል ነን፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ዓሣው ግን ካርታ አያነብም። አማዞን ውስጥ 26 ዲግሪ ውኃ የለመደ ፍጥረት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ የውጭው አየር ከ10 ዲግሪ ሲወርድ፣ ሳሎናችን ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ደብረ ዘይት፣ አዳማ ወይም ባሕር ዳር የምትኖሩ ይህ ችግር ይቀልላችኋል፤ ድሬዳዋ ያላችሁማ ጭራሽ ተቃራኒው ነው የሚያሳስባችሁ።

ስለዚህ ዓሣ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ርካሽ ሥራ ሥሩ። አኳሪየሙ በሚቀመጥበት ቦታ አንድ ባልዲ ውኃ አስቀምጡና ቴርሞሜትር ክተቱበት። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ቁጥሩን ጻፉ። የምትፈልጉት ዝቅተኛውን ቁጥር ነው። ዓሣችሁን የሚመርጥላችሁ ያ ቁጥር እንጂ የሱቁ መብራት አይደለም። ጠዋት 18፣ 19 ወይም 20 ካነበባችሁ ያለ ማሞቂያ ሊኖሩ የሚችሉ ዓሦች አሉ፤ አሁን እነግራችኋለሁ። ሌሎቹን ከፈለጋችሁ ማሞቂያ የግድ ነው፤ በሊትር አንድ ዋት ገደማ፣ ቤቱ ከቀዘቀዘ ትንሽ ጨመር።

ሳጥኑን በተመለከተ አላረዝምም። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ከፍታው 30 ሳንቲሜትር የሆነ ይበቃል፤ 54 ሊትር ነው። ከዚህ ያነሰ ለጀማሪ ይቀላል የሚባለው ውሸት ነው። ትንሽ ውኃ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይቆሽሻል፤ ለስህተታችሁ ጊዜ አይሰጣችሁም። ውኃው፣ መስታወቱና ጠጠሩ ተደምሮ ከግማሽ ኩንታል በደንብ ያልፋልና ቡፌ ላይ እንዳታስቀምጡት። ፀሐይ ከሚመታው መስኮትም አርቁት፤ በአረንጓዴ ሽበት ይሸፈንባችኋል።

እንግዲህ ዓሦቹ።

ለቀዝቃዛ ቤት የእኔ ፍርድ ዚብራ ዳኒዮ ነው። ቁመቱ አራት ሳንቲሜትር ገደማ፣ ሰማያዊና ወርቃማ መስመር ከጉንጩ እስከ ጭራው የተሰመረበት፣ የሜዳ አህያን ስም ያገኘውም በዚሁ ነው። አገሩ ሕንድ፣ ባንግላዴሽና ኔፓል ነው፤ ክረምቱ በሚበርድ፣ በጋው በሚሞቅ ጅረት ውስጥ ስለሚኖር 18ንም 25ንም ይችላል። ፍራንሲስ ሃሚልተን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ስለ ጋንጅስ ወንዝ ዓሦች ባሳተመው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1822 መዝግቦታል። ዛሬ ግን ይበልጥ የታወቀው በቤተ ሙከራ ነው። ጽንሱ ከእናቱ ሆድ ውጭ፣ እንደ መስታወት በጠራ ዕንቁላል ውስጥ ስለሚያድግ ልብ ስትሠራ በአጉሊ መነጽር ትታያለች። ጆርጅ ስትራይሲንገር የተባለ ሳይንቲስት በአሜሪካ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ካስጀመረው ወዲህ በዓለም ዙሪያ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ያረቡታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የዘር መዝገቡ ተነብቦ ሲታተም ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በእሱ ዘንድ አቻ እንዳላቸው ታወቀ። ከእኛ ጋር ይህን ያህል የሚጋራ ዓሣ ሳሎን ቢቀመጥ እንግዳ አይባልም።

ማለዳ መብራቱን ስታበሩለት ተመልከቱት። ስድስት ሆነው ከኖሩ ሁሉም ከተክሉ ሥር ይወጡና ከግራ ጫፍ ወደ ቀኝ ጫፍ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣሉ፤ አንዱ ሲታጠፍ ሁሉም ይታጠፋል። ብቻውን ያለ ዳኒዮ ግን ይህን አያደርግም፤ ወይ ይደበቃል፣ ወይ ሌላውን ያሳድዳል። ስለዚህ ስድስት እንጂ ሁለት አትግዙ። ይዘልላልና ክዳን ይኑረው። ዕንቁላሉን ራሱ ስለሚበላ ቤታችሁን አያጥለቀልቅም።

ወንድሙ ሊባል የሚችል፣ ምናልባትም ከእሱ የሚያምር፣ ዋይት ክላውድ የሚባለው ነው፤ «ነጭ ደመና» እንበለው። ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዡ ከተማ አጠገብ ካለው የባይዩን ተራራ የመጣ ነው፤ የተራራው ስም ራሱ ነጭ ደመና ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሲመዘገብ ታን የሚባል ያገኘው ሰው ስም ተሰጠው። በተፈጥሮ አገሩ ጠፍቷል እስከ መባል ደርሶ ነበር፤ የተረፈው በአብዛኛው በሰው ሳሎን ነው። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ይወዳል፤ ለአዲስ አበባ ተብሎ የተፈጠረ ይመስለኛል። ሁለቱም በየሱቁ ላይገኙ ይችላሉ፤ ጠይቁ፣ ሻጩ ሲያመጣ እንዲደውልላችሁ ስልካችሁን ተዉለት። ውኃችሁ እስኪሟሽ መቼስ ጊዜ አላችሁ።

ማሞቂያ ያለው ሰው ጋፒን ይያዝ። ስሙን ያገኘው ትሪኒዳድ ይኖር ከነበረው ሮበርት ጋፒ ነው። እሱ የላከውን ናሙና ለንደን ላይ አልበርት ጉንተር እ.ኤ.አ. በ1866 በስሙ ሰየመለት። ኋላ ግን ቪልሄልም ፒተርስ በ1859 ያንኑ ዓሣ ከቬንዙዌላ መዝግቦት እንደነበር ታወቀና ሳይንሳዊ ስሙ ተሻረ፤ ሕዝቡ ግን ጋፒ ማለቱን አልተወም። ማዕድናም ውኃ ይወዳል፣ 24 ዲግሪ ይስማማዋል፣ የወንዱ ጭራ እንደ ጥበብ ቀሚስ ጠርዝ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ ወንድ ወንዱን ብቻ ግዙ። ጋፒ ዕንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፤ በየወሩ ገደማ፣ ሲበዛም በደርዘን በደርዘን። ከሱቅ የምትገዟት ሴት አብዛኛውን ጊዜ አርግዛ ነው የምትመጣው፤ የወንዱን ዘር ለወራት በሆዷ ስለምታቆይ ባል ባይኖራትም መውለዷን አታቆምም። «ሁለት ገዝቼ ነበር» ብሎ የሚጀምር ሰው ስታገኙ ፍጻሜውን እኔ ልንገራችሁ፦ በጀሪካን ይዞ ጎረቤት ለጎረቤት እያደለ ነው።

ተዋጊው ዓሣ፣ ፋይተር የምንለው፣ የታይላንድ ነው፤ አገሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውኃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። እንደኛው አምባዛ ከውኃ በላይ ወጥቶ አየር መጎረስ ይችላል። በዚህ ምክንያት በብርጭቆ ይሸጡታል፤ ሰውም በብርጭቆ ይኖራል ብሎ ያምናል። አምባዛ ጭቃ ውስጥ ስለሚቆይ ጭቃ ቤቱ ነው እንደ ማለት ነው። ብቻውን፣ በማጣሪያና በማሞቂያ፣ በ26 ዲግሪ ከያዛችሁት ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ሰው ሲገባ ወደ መስታወቱ ይመጣል።

የማትገዟቸውን በአጭሩ ልጥራ። ወርቅማው ዓሣ ብርዳችንን በደንብ ይችላል፤ ችግሩ የካርፕ ዘር መሆኑ ነው፤ ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ያድጋል፣ ከ40 ዓመት በላይ የኖረም ተመዝግቧል። የሚገባው የግቢ ኩሬ ነው። «መስታወት ያጸዳልሃል» ተብሎ ጣት ታህል የሚሸጠው ፕሌኮ ከ30 ሳንቲሜትር ያልፋል፤ የሚጥለው ቆሻሻም ከሚያጸዳው ይበልጣል። ኒዮን ቴትራ ውብ ነው፤ ግን ለስላሳ፣ የሞቀ፣ ከርሞ የቆየ ውኃ ይፈልጋል። ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

ሱቅ ስትገቡ የወደዳችሁትን ዓሣ ሳይሆን ያለበትን ሳጥን እዩ። አንድ የሞተ ከታች ተኝቶ ካለ፣ ሕያው የሚመስሉትንም አትንኩ። ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካለ በሽታ ነው። ክንፉን ከገላው አጣብቆ ጥግ የቆመውን «ጨዋ ነው» ብላችሁ አትግዙት፤ ታሟል። ሻጩ ምግብ እንዲጥልላቸው ጠይቁ፤ ተሽቀዳድሞ የሚበላውን ውሰዱ። «ትናንት ነው የገቡት» ካላችሁ ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ። ቤት ስትደርሱ ፌስታሉን እንደታሰረ ውኃው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፉት፤ ከዚያ ፈትታችሁ በቡና ስኒ እየቀዳችሁ ከአኳሪየሙ ውኃ ጨምሩበት። በመጨረሻ ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጡ፤ የሱቁን ውኃ ደፍታችሁ ተዉት።

ምግብ ላይ እኛ ሐበሾች አደጋ ነን። እንግዳ ሳናጎርስ አንሸኝም። ዓሣ ግን ጉርሻ ይገድለዋል፤ ያልበላው ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ። እንጀራም ዳቦም አይደለም፤ የራሱ ምግብ አለው። ልጆቻችሁ መሳተፍ ከፈለጉ ቴርሞሜትሩን ያንብቡ።

መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልሉት፤ ከመስታወቱ የሚያመልጠውን ሙቀት ይይዝላችኋል። ምግብ አትስጡ። በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ውኃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ ያ የእናንተ የአየር ፓምፕ ነው። ከብዙ ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ፣ በቧንቧ ውኃ አይደለም፣ አለቅልቃችሁ ማጣሪያውን አስነሱ።

ከሰለቻችሁም ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ አትልቀቋቸው። ጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከደርዘን የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ ከሳሎን የመጣ እንግዳና በሽታው አያስፈልጋቸውም። ለሚፈልግ ሰው ስጡ።

ጨርሻለሁ። ከዚህ ወጥታችሁ ነገ ዓሣ ሱቅ የምትሄዱ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አነባለሁ። ሂዱ፤ ግን ቴርሞሜትርና ስፖንጅ ማጣሪያ ብቻ ገዝታችሁ ተመለሱ። ዓሣውን ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ትገዛላችሁ።